ሁለት ቁልፍ ለአንድ ዲስክ

እኔ ክትፎ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በታች የማወራውን ሰምታችሁ «ሰው እያበላው የሚያማርር ምስጋና ቢስ» እንዳትሉኝ ነው። ክትፎ እወዳለሁ። ቆጮውንም፣ አይቡንም፣ ጎመኑንም እወዳለሁ። ባለቤቴን ያገባሁት ለክትፎ ብዬ እንደሆነ የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ እነሱንም አልጣላኋቸውም። ነገር ግን የአንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ውጤት በሙሉ በሚያጣጥር አንድ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እኔ ያንን ለማዳን እንደ እብድ እየሮጥኩ፣ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ክንዴን ይዞ «መጀመሪያ ብላ» ሲለኝ ምን ልበል? ተናደድኩ። ያኔም ተናደድኩ፣ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወልቂጤ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ኮሌጁ አንድ ሰርቨር ነበረው። ለማያውቀው፣ ሰርቨር ማለት ቀን ከሌት የሚያጓራ፣ የኮሞዲኖ ቁመት ያለው ብረት ነው። በዚያ በአንዱ ብረት ውስጥ ብዙ ሰርቨሮች ይኖሩበታል፤ የሬጅስትራሩ፣ የፋይናንሱ፣ የቤተ መጻሕፍቱ። እኛ ባለሙያዎቹ ቨርችዋል እንላቸዋለን። እያንዳንዱ የራሱ ግቢ ያለው ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ተከራዮች ናቸው። ያላቸው ንብረት በሙሉ የሚቀመጠው ደግሞ በሁለት ዲስኮች ላይ ነው። ሁለቱ ዲስኮች መንትያ ናቸው። አንዱ ላይ የተጻፈ ነገር በዚያው ቅጽበት ሌላውም ላይ ይጻፋል። ለምን ቢሉ፣ አንዱ የሞተ ቀን ሌላው ሥራውን እንዲቀጥል ነው። ያኔ የሞተውን ታወጣለህ፣ አዲስ ትከታለህ፣ አዲሱ ከቀረው ላይ ሁሉንም ይገለብጣል። ያዘዝከው ሻይ ሳይቀዘቅዝ እጅህን ታጥበህ የምትቀመጥበት ሥራ ነው።

ይህን ለዲናችን ለማስረዳት ያልሞከርኩት ነገር የለም። አንድ ቀን በግምገማ ላይ ብድግ አሉና ጠየቁኝ።

«ሁለቱ ዲስኮች የያዙት አንድ ዓይነት ነገር ነው?»

«አዎ።»

«ቃል በቃል?»

«ቃል በቃል።»

«ታዲያ ሁለተኛው ምን ይሠራል?»

«የመጀመሪያው እስኪሞት ይጠብቃል» አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

ስብሰባው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሰው ሁሉ በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ በሚሠራበት በዚያ ዘመን፣ ሌላው እስኪሞት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ዲስክ ያለው ሰው እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። የሀብት ብክነት ተባልኩ። ሒስ እንዳወርድም ተጠየቅሁ። በዲስክ ስም ሒስ አወረድኩ።

ከዚያ ካይዘን የሚሉት የጃፓን የአሠራር ዘዴ መጣ። በካይዘን ላይ ምንም ጥላቻ የለኝም፤ ወደ እኛ ኮሌጅ በገባበት መንገድ ላይ ግን አለኝ። ኮሚቴው ቀይ ወረቀት ይዞ በየቢሮው ዞረ። ብዙ ጊዜ ያልተነካ ዕቃ ሁሉ ቀይ ወረቀት ይለጠፍበትና ይወገዳል። መደርደሪያዬ ላይ ለክፉ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት፣ ከነካርቶኑ ያለ አዲስ ዲስክ ነበር። አንሥተው አዩት። «ከመጣ ጀምሮ ተጠቅመህበታል?» አሉኝ። «አልተጠቀምኩም፤ ክፉ ቀን ገና አልመጣም» አልኩ። ቀይ ወረቀት ለጠፉበት። ከተሰበሩ ወንበሮችና ከአንድ የተቃጠለ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጋር በጨረታ ተሸጠ። የገዛው ሰው ምን እንዳደረገው ፈጣሪ ይወቀው፤ በር መደገፊያ አድርጎት ይሆናል።

በዚያ አላበቁም። ሁሉም ነገር ስም ይኑረው ተባለና ማብሪያ ማጥፊያው፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ፣ መስኮቱ ሳይቀር ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ተለጠፈበት። ሰርቨሬም አልቀረለትም። በሁለቱ ዲስኮች ላይ «ዲስክ 1» እና «ዲስክ 2» የሚል የሚያምር ጽሑፍ አጣብቀውበት ሄዱ። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ በዚያ ዓመት አረፋና መስቀል በአንድ ሳምንት ገጠሙ። የጉራጌን አገር የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ለማያውቀው ግን፣ አዲስ አበባ ያለ የጉራጌ ልጅ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ ሱቁን ቆልፎ ወደ አባቱ ቤት ይገባል። አልገባም ማለት ብሎ ነገር የለም። ሌላ ዓመት አንደኛው ሲሄድ ሌላኛው ስለሚቀር ከተማው ይተነፍሳል። በዚያ ዓመት ግን ሁለቱም ወጡ።

የእኔ ዲስክም የሚሞትበትን ቀን መረጠና የአረፋ ዋዜማ ረቡዕ ሞተ።

ጠዋት ስገባ ማሽኑ ከወትሮው የተለየ ድምፅ ያሰማል። ስክሪኑ ላይ አንደኛው ዲስክ እንደወደቀ ተጽፏል። መጀመሪያ አልደነገጥኩም፤ እንዲያውም ትንሽ ደስ አለኝ፣ ልዋሻችሁ አልችልም። ሄጄ ዲናችንን «ያ ሥራ ፈት ያሉት ዲስክ ይኸው ብቻውን ኮሌጁን ተሸክሞ ቆሟል» ልላቸው ነበር። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሁለቱ መንትያ ናቸው ብያችኋለሁ። በአንድ ቀን ተገዙ፣ በአንድ ቀን ሥራ ጀመሩ፣ በአንድ መብራት መጥፋት አብረው ተንገላቱ። አንዱ ካረጀ ሌላውም አርጅቷል ማለት ነው።

«ሌላ ቦታ ገልብጠህ አታስቀምጥም ነበር?» የምትሉኝ አትጠፉም። አስቀምጥ ነበር። ለዚሁ ሥራ የተገዛውን ውጫዊ ዲስክ ዲናችን የልጃቸውን ሠርግ ቪዲዮ ልገልብጥበት ብለው ወስደውታል፤ ሙሽሪት ወልዳ ልጇ መዳህ ጀምሯል፣ ዲስኩ አልተመለሰም። በዚያ ጠዋት የሬጅስትራሩን በፍላሽ ልገልብጥ ብዬ ስሞክር ደግሞ የቀረው ዲስክ ማንቋረር ጀመረ። ደንግጬ ተውኩት።

የተንጠለጠለው የሺህ ሰው ውጤት ይሁን እንጂ እኔ የማስበው የአንዲት ልጅ ነበር። ሰሚራ ትባላለች፤ የጥበቃችን የጋሽ ሸምሱ ልጅ ናት። በሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተመርቃ ቡታጅራ ውስጥ ሥራ አግኝታለች፤ የውጤት ማስረጃዋን እስከ መስቀል ማግስት ካላቀረበች ግን ቦታው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል ተብላለች። ሬጅስትራሩ «ከበዓል በኋላ» እያለ ሲያመላልሳት ከርሞ እሱም ለመስቀል ጉመር ገብቷል። ጋሽ ሸምሱ ያቺን ልጅ ያስተማረው በዘበኝነት ደመወዝ፣ ሌሊት በብርድ ቆሞ ነው። የልጁ ሦስት ዓመት ድካም አሁን በዚያ በሚያንቋርረው ብረት ላይ ነው።

ጠርቼ እውነቱን ነገርኩት።

«ጋሽ ሸምሱ፣ አንዱ ዲስክ ሞቷል። የቀረው ከጠፋ የሰሚራም ውጤት አብሮ ይጠፋል። አዲስ ይዤ እስክመለስ መብራቱን ማንም እንዳያጠፋው።»

«ዲኑም ቢሆኑ?»

«ዲኑም ቢሆኑ። ማንም እንዳይገባ። እኔ ራሴ ብመጣ እንኳ እንዳታስገባኝ» አልኩት፤ እንዲያው ነገሩን ለማክበድ ብዬ።

ወንበሩን አንሥቶ የሰርቨሩ ክፍል በር ላይ ተቀመጠ። ነገ አረፋ እንደሆነ ሳስታውሰው «ሰግጄ እመለሳለሁ፣ እስክመለስ ሰሚራ ትቀመጣለች» አለኝ።

ወደ ዲስኩ ልምጣ። ይህ ዓይነት ዲስክ ከየትም የሚገዛ አይደለም። የምናመጣው አዲስ አበባ ካለው የፍቅሬና የነስሩ ሱቅ ነው። ፍቅሬ የአገና ልጅ፣ ክርስቲያን ነው። ነስሩ የቡታጅራ ልጅ፣ ሙስሊም ነው። እንደነሱ ያለ ሽርክና አይቼ አላውቅም። ፍቅሬ ለመስቀል ሲሄድ ነስሩ ሱቁን ይይዛል፣ ነስሩ ለአረፋ ሲሄድ ፍቅሬ ይይዛል፣ ደንበኛ አንድም ቀን ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። ልክ እንደ ሁለቱ ዲስኮቼ ማለት ነው። ለፍቅሬ ደወልኩ።

«ፍቅሬ፣ ዲስክ ሞተብኝ።»

«ነፍስ ይማር» አለ።

«ቀልዱን ተወኝ። ያ ዓይነት ዲስክ አላችሁ?»

«አንድ አለ። መደርደሪያው ላይ ነው።»

«ዛሬውኑ በመኪና ላክልኝ።»

«እኔ እኮ አገና ነኝ ወንድሜ። መስቀል አይደል እንዴ?»

«እሺ፣ ነስሩ ይላክልኝ።»

«ነስሩ ቡታጅራ ነው። አረፋ አይደል እንዴ?»

«ታዲያ ሱቁን ማን ያዘው?»

«ማንም። ግን አትስጋ፣ በደንብ ነው የቆለፍነው። ሁለታችንም ስለምንሄድ ሁለት ጓጉንቸር አደረግንበት። የአንዱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፣ የአንዱ ነስሩ ጋ። ሁለታችን ካልተገናኘን አይከፈትም።»

«ትርፍ ቁልፍ የላችሁም?»

«አለን እንጂ። ሱቁ ውስጥ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እዚያ አይጠፋም።»

ልብ በሉልኝ። ሁለት የሚሆነው አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲበቃ ነው። እኔ ይህንን ስናገር በግምገማ የተወቀጥኩበት እውነት ነው። እነዚህ ሁለት ብልህ ነጋዴዎች ግን ሁለት መሆንን ወስደው፣ አንዱ ከጠፋ ምንም እንዳይሠራ አድርገው አሰሩት። ይህንኑ በስልክ ላስረዳው ጀመርኩ። «ድምፅህ ይቆራረጣል፤ ና፣ እዚሁ እንጫወታለን» ብሎ ዘጋው።

ሐሙስ አገና ገባሁ። የፍቅሬ አባት ቤት ከእንሰቱ መሐል ነው፤ ገና ከበሩ የቅቤው ሽታ ይቀበላል። ፍቅሬ አቅፎ ሳመኝ።

«ቁልፉን ስጠኝና ልሂድ» አልኩት።

«ትሄዳለህ። መጀመሪያ ብላ።»

እርዱ ገና ስለነበረ የቀረበው የጎመን ክትፎ ነው። ጎመን ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ከቅቤው ብዛት ጎመኑን ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ለወጉ ያህል ጎረስኩና ተነሣሁ። የፍቅሬ አባት በእርጋታ የማን አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ባለትዳር መሆኔን ጠየቁኝ። አፌ አይዘጋም መቼም፣ «ባለቤቴ የእምድብር ልጅ ናት» አልኩ። የአባቷን ስም ጠየቁኝ፤ ተናገርኩ።

«አሃ» አሉ። «እንግዲያው አማቻችን ነህ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። አማች ለወጉ ያህል ጎርሶ አይነሣም። እንደገና ቀረበ። ይባስ ብለው ስልክ አንሥተው እምድብር አማቼ ዘንድ ደወሉና «ልጅህ እኛ ቤት መስቀልን እየበላ ነው» ብለው አበሠሩ። አማች ከሆንኩ የመጀመሪያው መስቀሌ ነበር። የመጀመሪያው መስቀል የሚበላው የት እንደሆነ ከእኔ በስተቀር የማያውቅ ሰው በዚያ አገር የለም። ወዲያው ባለቤቴ ደወለች።

«አባቴን ሳታይ አገና ገብተህ በላህ?» አለችኝ።

«ቁልፍ ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«ቁልፍ በክትፎ ውስጥ ነው የሚፈለገው?»

ቁልፉ የተሰጠኝ በማግስቱ ጠዋት፣ የጾም ቁርሴን በልቼ ስጨርስ ነው።

ዓርብ ሚኒባስ እያቀያየርኩ በአረቅጥ በኩል ወደ ቡታጅራ ወረድኩ። በየዳገቱ የማስበው ያንን የሚያንቋርር ዲስክ ነበር። ለጋሽ ሸምሱ ስደውል ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ሲኖር ደግሞ ባለቤቴ ትደውላለች። የነስሩ ቤት ሰው እንደ ንብ ይተራመስበታል። ወንድሞቹ፣ የወንድሞቹ ልጆች፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም አለ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ነስሩ። «ፍቅሬ ነግሮኛል። ቁልፉ እናቴ ጋ ነው፤ ትሰጥሃለች። መጀመሪያ ብላ።»

እኔም ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። መንገዱን በሙሉ ሳውጠነጥነው የዋልኩትን መልስ አወጣሁ።

«ነስሩ፣ አትቀየመኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የእናንተን ሥጋ አልበላም።»

«እናውቃለን። ለክርስቲያን እንግዶቻችን ክርስቲያን ጎረቤታችን በግ አርዶልናል። ምጣዱም ዕቃውም ለብቻው ነው።»

ይህን አልጠበቅኩም። ግን አንድ ጥይት ቀርታኝ ነበር።

«ቢሆንም ዛሬ ዓርብ ነው፤ ጾም ነኝ።»

በዚህ ጊዜ የነስሩ እናት ቀና ብለው አዩኝ። እርጋታ ያላቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል።

«እውነትህን ነው ልጄ፣ ጾም አይሻርም» አሉ። «ነገ ቅዳሜ ነው። እደርና ነገ ትበላለህ።»

በገዛ አፌ አንድ ቀን ጨመርኩበት። ዓርቡን ሽሮዬን በልቼ እዚያው አደርኩ። ቅዳሜ ማለዳ ያ በግ ቀረበልኝ፤ እኔ ስጎርስ እናትየው የነጠላቸውን ቋጠሮ ይዘው ይመለከቱኛል። ጉርሻው እየበዛ ሲመጣ ቋጠሮው እየላላ መጣ። በመጨረሻ ፈትተው ቁልፉን ሰጡኝና ግንባሬን ሳሙኝ። ልቆጣቸው ብዬ አልቻልኩም፤ ይህም ራሱ አናደደኝ።

አዲስ አበባ ስደርስ ያ የንግድ ሕንፃ ጭር ብሏል። በሁለቱ ቁልፎች መክፈት ስጀምር የሕንፃው ዘበኛ ዱላውን ይዞ መጣ።

«ማነህ?»

«ደንበኛ ነኝ።»

«ደንበኛ ሱቅ ተከፍቶ ይገባል እንጂ ራሱ ከፍቶ አይገባም።»

ቁልፎቹን አሳየሁት። አገላብጦ አያቸው።

«የፍቅሬን ብቻ ብትይዝ ሌባ ነህ እልህ ነበር» አለኝ። «የሁለቱን ከያዝክ ግን ወይ እውነትህን ነው ወይ ሁለቱንም ገድለሃቸዋል።» ደውሎ ሁለቱም በሕይወት መኖራቸውን ካረጋገጠ በኋላ አስገባኝ። ዲስኩን አነሣሁ፣ ሁለቱን ጓጉንቸሮች መልሼ ጠረቀምኩ፣ ቁልፎቹን የጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። የወልቂጤ መኪና አልቋል። እሑድ፣ በደመራ ዕለት ነው የገባሁት።

ኮሌጁ ግቢ ስገባ ጋሽ ሸምሱ በዚያችው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዲናችን ፊት ለፊቱ ቆመዋል፤ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። ለበዓል ማንኛውም ነገር ከሶኬት ይነቀል ብለው አዘው፣ ራሳቸው ሊነቅሉ መጥተው፣ ጋሽ ሸምሱ በዱላው በሩን አግዶ አላስገባም ብሏቸዋል።

«ይህን ሰውዬ አንተ ነህ ያዘዝከው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ። ጋሽ ሸምሱ፣ ዲስኩን አምጥቻለሁ፤ ክፈትልኝ።»

አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ ራሴ ብመጣ እንኳ እንዳታስገባኝ ብለሃል» አለኝ።

«እሱን እኮ እንዲያው ለአነጋገር ነው ያልኩት።»

«እኔ ለአነጋገር አላደርኩም እዚህ» አለ። አረፋውን እዚያው በር ላይ ነበር ያሳለፈው፤ ሰሚራ ድርሻውን በሳህን እያመጣች። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ደም መስሏል። የከፈተልኝ ሰሚራ መጥታ «አባ፣ ይግባ» ስትለው ነው።

ማሽኑ በሕይወት አለ። ስክሪኑ «ዲስክ 1 ወድቋል» ይላል። ይኸው አላለቀም? ወደ ማሽኑ ጎንበስ አልኩ። ላሚኔት የተደረገው የካይዘን ወረቀት «ዲስክ 1» ይላል። ዲናችን ከኋላዬ ቆመው ይመለከታሉ። የሞላ ሆዴን ይዤ እንደምንም በርከክ ብዬ «ዲስክ 1» የሚለውን መዝዤ አወጣሁት።

ያ ቀን ከሌት የሚያጓራው ብረት ስክሪኑ ባለበት ደረቀ። ጽሑፉ አይንቀሳቀስ፣ ፊደል ብነካ አይመልስ።

ማሽኑ የሚቆጥረው ከዜሮ ነው። ዜሮ፣ አንድ። ኮሚቴው የሚቆጥረው ከአንድ ነው። አንድ፣ ሁለት። የማሽኑ «ዲስክ 1» የካይዘኑ «ዲስክ 2» ነው። ከዜሮ እንደሚቆጠር ለተማሪ ሳስተምር የኖርኩት እኔ ነኝ። የወደቀው ላይ ቀይ መብራት ይበራል፣ ያንን ማየት ይበቃኝ ነበር፤ ወረቀቱን ግን መብራቱ ላይ ነው የለጠፉት። እጄ ላይ የያዝኩት የሚያንቋርረውን፣ ብቻውን የቀረውን፣ የሰሚራን ዲስክ ነበር።

ዞር ስል ሰሚራ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። የኮምፒውተር ነገር ባታውቅም ፊቴን ማንበብ አያቅታትም። በዚያች ቅጽበት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

መልሼ ከተትኩት። አጥፍቼ አስነሣሁት። ማሽኑ ሲነሣ ብዙ ይቆያል፤ በዚያ ቀን ግን ዓመት የፈጀ መሰለኝ። ዲናችን «አሁን ምን ተፈጠረ?» ይላሉ። ጋሽ ሸምሱ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ እያደረገ ነው። እኔም በበኩሌ ማርያምን እየተማጸንኩ ነበር። አንቋረረ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አንቋረረ። ከዚያ ተነሣ፤ ተከራዮቹ ቨርችዋሎች ተራ በተራ መጡ፣ መጨረሻ ላይ የሬጅስትራሩም መጣ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሁለቱንም ወረቀቶች በጥፍሬ ቦጫጭቄ ጣልኳቸው። ቀዩ መብራት ከሥራቸው ቦግ ብሎ ወጣ። ትክክለኛውን፣ የሞተውን አወጣሁና አዲሱን ከተትኩ። መገልበጥ ጀመረ። አዲሱ ሁሉን እንዲያውቅ አሮጌው የያዘውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት፤ እንግዲህ ያንቋረረው ይሁን፣ ምርጫ የለኝም። ውጭ ደመራው ተለኮሰ። እኔ፣ ጋሽ ሸምሱ፣ ሰሚራና ዲናችን ስክሪን ላይ አፍጥጠን ቁጥሩ ሲያዘግም እንጠብቃለን። አልቆ ሁለቱም አረንጓዴ ሲሆኑ ዲናችን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«አሁን ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ይዘዋል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ሦስተኛ መጨመር አይቻልም?» አሉ። ከዚህ በኋላ ሰው እንዴት አይናደድ?

ሬጅስትራሩን በስልክ ከጉመር ክትፎ ላይ አስነሥቼ የይለፍ ቃሉን ተቀበልኩት። በመስቀል ማግስት በማለዳ ዲናችን የሰሚራን ማስረጃ ራሳቸው አተሙ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም መቱበት። ጋሽ ሸምሱ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው። ማንበብ አይችልም። ቢሆንም ከላይ እስከ ታች አየው፤ ከዚያ ለልጁ ሰጣትና ወደ ወንበሩ ሄዶ፣ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። በዚያች ደቂቃ በማንም ላይ አልተናደድኩም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ።

ከዚያ ወደ አማቾቼ ወረድኩ። ደግነቱ በዚያ አገር መስቀል በአንድ ቀን አያልቅም። እምድብር ስገባ አማቼ ሰላምታዬን ተቀብለው ወደ ጎን አስቀመጡኝና «አገና እንዴት አበሉህ?» አሉኝ። ባለቤቴ ወደ ጣሪያው ታያለች። አገና የበላሁትን ለማስረሳት የታሰበ ጣባ ክትፎ መጣ። ታሪኩን ከነዲስኩ ብነግራቸውም አልገባቸውም፤ የገባቸው አንድ ነገር ቢኖር ሌላ ቤት በልቼ መምጣቴ ነው። ካሣዬን ልከፍል አንገቴን ደፍቼ መብላት ጀመርኩ።

በመሐል ስልኬ ጮኸ። ፍቅሬ ነው። ከጀርባው የነስሩ ድምፅም ይሰማል፤ ሁለቱም ተቆጥተዋል።

«አዲስ አበባ ገባን» አለ ፍቅሬ። «ሱቁ በር ላይ ቆመናል። ደንበኛ ተሰልፏል። ቁልፎቹ የት ናቸው?»

ጃኬቴን ደባበስኩ። ሁለቱም ኪሴ ውስጥ ናቸው።

«እኔ ጋ ናቸው» አልኩ።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«ሁለት ቁልፍ አንድ ሰው ዘንድ ይቀመጣል እንዴ?» አለ ነስሩ ስልኩን ነጥቆ። «ምን ዓይነት ሰው ነህ? አሁኑኑ ተነሥተህ አምጣ።»

አማቼ ቆጮውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

«ነስሩ ወንድሜ» አልኩት፣ አፌ እንደሞላ፣ «መጀመሪያ ልብላ።»